ባንዲራው በግራ እጅ

አያቴ ብርቄ የሥራ ዘመኗን ያሳለፈችው ክንዷን ዘርግታ ቆማ ነው። ባለፈው ክረምት ትከሻዋን ሲያማት ክሊኒክ ወሰድኳት። ወጣቱ ሐኪም ትከሻዋን እያገላበጠ፣ «ሥራዎ ምን ነበር እናቴ? ስፌት ነው?» አላት።

«ባቡር አሳልፍ ነበር።»

«እ… ትኬት ይቆርጡ ነበር?»

አያቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ከበሩ ወጥተን መንገድ ዳር ታክሲ ስንጠብቅ ግን ፈንድታ፣ «ትኬት! እኔን ትኬት!» አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አንቺ መጻፍ ቻልኩ እያልሽ ቤቱን ታምሺ የለ? በይ ጻፊዋ!» አለችኝ።

እውነትም ችያለሁ። መምህርቴ ድርሰቴን ለክፍሉ በሙሉ ካነበበችው ወዲህ ነጭ ወረቀት ሳይ እጄን ይበላኛል። ስለዚህ ይህ የአያቴ የሥራ ዘመን ነው። እሷ እያወራች እኔ ጻፍኩ። እሷ የዘለለችውን ደግሞ ጋሼ ሰይድን ጠይቄ ሞላሁት። ጋሼ ሰይድ ሥራውን ያስተማሯት ሰው ናቸው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመኝታ ቤታችን መስኮት ብታዩ ከመንገዱ ማዶ የተሰለፈ ባሕር ዛፍ ይታያል። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ፉርጎ ሰፈር አለ። እሺ፣ ነበረ ልበል።

ፉርጎ ሰፈር ከአቃቂ ወጣ ብሎ ወደ ዱከም ሲኬድ፣ የድሮው የባቡር ሐዲድ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የተጠጋጉ ጥቂት የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ጋሼ ሰይድ እንደሚሉት መጀመሪያ ምንም አልነበረም። አንድ የጭነት ፉርጎ መንኮራኩሩ ተሰበረና ከሐዲዱ ገፍተው ወደ ዳር ጣሉት፤ ባቡሩም ጥሎት ሄደ። ሐዲድ የሚጠግኑት ሠራተኞች ዝናብ ሲመታቸው ገቡበት። ከዚያ አደሩበት። ከዚያ አንዱ ሚስቱን አመጣ፣ ሚስቱ ዶሮ አመጣች፣ በቃ ሰፈር ሆነ። መሥሪያ ቤቱም ቆይቶ የፉርጎውን ጎን ቀዶ መስኮት አወጣለት፣ ስልክ አስገባበት፣ «ጣቢያ ነው» አለ። ውሃው የሚመጣው በባቡር ነው። ጨው በባቡር፣ ብርቱካን በባቡር፣ ወሬም በባቡር። ባቡሩ ሲቆም ሴቶቹ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ይዘው በየመስኮቱ ይሮጣሉ። ሲሄድ ደግሞ ዝም ይላል። አያቴ ያን ዝምታ ስትገልጸው፣ «አንድ ሰው ስታወሪው ድንገት ተነስቶ እንደሄደ ዓይነት» ትላለች።

እሷ የመጣችው በሙሽርነት ነው። ባሏ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። እናቴ ገና ስትድህ ወደ ቆላው ለሥራ ተላከና በወባ ሞተ። መሥሪያ ቤቱ በእሱ ፋንታ የገበያ መንገዱ ሐዲዱን የሚያቋርጥበትን መሻገሪያ እንድትጠብቅ ቀጠራት። ደሞዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር። ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ራሷም አትፈልግም።

ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ያኔ የጠጋኞቹ አለቃ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት መዶሻ ይዘው ሐዲዱን ኳ፣ ኳ እያደረጉ ይሄዳሉ። ብሎኑ የጠበቀ ሐዲድ ድምፁ ይዘልቃል። የላላው ድፍን ይላል፣ እዚያው ቁጢጥ ብለው ያጠብቁታል። አያቴን ባቡር መምጣቱን እንድታውቅ መዳፏን ሐዲዱ ላይ አሳርፈው አስተማሯት። ጆሮዋን ልታስጠጋ ስትል ተቆጧት።

«ተነሺ! ጆሮሽን አስተኝተሽ ዓይንሽን ለማን ልትተዪ ነው? መዳፍሽ ይስማ፣ ዓይንሽ መንገድ ላይ ይሁን።»

የመሻገሪያው መዝጊያ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ረጅም አጣና ነው። እሱን ዝቅ አድርጋ ሰውና ከብቱን ካስቆመች በኋላ፣ መንገዱ ደህና ከሆነ አረንጓዴ ባንዲራ በቀኝ እጇ ትዘረጋለች። ክንዷ መታጠፍ የለበትም። የመጨረሻው ፉርጎ ሳያልፍ ደግሞ መውረድ የለበትም። ሾፌሩ ካለፈ በኋላ ማን ያያታል? አያቴም ይህንኑ ጠይቃ ነበር። «እኔ አይሻለሁ» አሏት። ባቡር ባለፈ ቁጥር ከፉርጎው ውስጥ ሆነው፣ «አለፈ?» ይሏታል። «አለፈ፣ ደህና ነው» ትላለች። ይህ በየቀኑ ነው። ሌላ ምንም የማያወሩበት ቀን ሁሉ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባንዲራው በግራ እጅ ከተያዘ ትርጉሙ ሌላ ነው። በዚያ መስመር ላይ ያሉ ሰፈሮች በሙሉ የሚያውቁት፣ በየትኛውም ደንብ ላይ ያልተጻፈ ልማድ ነበር። አረንጓዴው በግራ ከሆነ መንገዱ ደህና ነው፣ ሰፈሩ ግን ሰው ሞቶበታል ማለት ነው። ሾፌሩ ይህን ካየ ከሰፈሩ ወጣ ሲል፣ ከዚያም በየጣቢያው ሲደርስ ፊሽካውን አንዴ፣ በጣም ረጅም አድርጎ ይነፋል። ሰዎች «የት ነው?» ይላሉ፤ «ፉርጎ ሰፈር» ይባላሉ። ማን እንደሞተ ሾፌሩም አያውቅ። ዘመድ ያለው፣ አብሮ የሠራ፣ ውሃ የተበደረ ሁሉ በማግስቱ ባቡር ይመጣል።

አያቴ ይህን ያወቀችው የገዛ ባሏ የሞተ ጊዜ ነው። ጋሼ ሰይድ መሻገሪያው ላይ ሄደው ባንዲራውን በግራቸው ያዙላት። በማግስቱ አይታቸው የማታውቃቸው ሰዎች ከባቡሩ ወርደው አቀፏት። «ያን ቀን ነው እዚህ ሜዳ ላይ ለብቻዬ እንዳልሆንኩ የገባኝ» ትላለች።

ስህተቱ የደረሰው ሥራውን ከለመደችው በኋላ ነው። ጥፋቱ የአህያ ነው፤ ወይም አያቴ እንደዚያ ትላለች። አንዲት ሴት ጤፍ ጭና ወደ አቃቂ ገበያ ስትሄድ አህያዋ ሐዲዱ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ባቡሩ ከሩቅ ብቅ ብሏል። አያቴ ሮጣ በቀኝ እጇ ልጓሙን ያዘች፣ ጎተተች፣ አህያው ወጣ፤ ግን እንዳይመለስ ልጓሙን መልቀቅ አልቻለችም። ባቡሩ ደረሰ። ባንዲራው ያለው በግራ እጇ ነው። መንገዱ ደህና ነው፤ ዘረጋችው።

ሾፌሩ ተስፋዬ ይባላል፤ ያኔ ጎረምሳ ነበር፣ በመስመሩ ላይ አዲስ። አይቷት ኮፍያውን አወለቀ። አያቴ «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ብላ አሰበች። ኮፍያው ለምን እንደወለቀ የገባት ማጠፊያውን ሲያልፍ ያን ረጅም ፊሽካ ስትሰማ ነው። እየጮኸች ተከተለችው። ግን ባቡር ተጠርቶ አይመለስም።

በማግስቱ ባቡሩ ሲቆም ከየፉርጎው ሰው ይፈስ ጀመር። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ እያለቀሱ። አንዲት ሴት፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን ስትመታ ወንድሟ ራሱ ሮጦ መጥቶ ይዟት፣ «ማን ሞተ? ንገሪኝ፣ ማን ሞተብን?» አላት። ቀና ብላ አየችው፣ በጥፊ አጮለችው፣ ከዚያ አቀፈችው። ሁሉም የየራሱን ሰው እየፈለገ ይዞራል፣ ሲያገኘው ይቆጣዋል። ጋሼ ሰይድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ወዲያው ትልቅ ድስት ጣዱና ንፍሮ ቀቀሉ። «ለቅሶ መጥተው ሳይቀምሱ ሊሄዱ ነው?» አሉ። ያ ሁሉ ሰው በሕይወት ባለ ሰው ለቅሶ ላይ ንፍሮ እየበላ ዋለ። አያቴ ይህን ስታወራ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች፤ «እንደዚያ ቀን ያለ ሠርግ እንኳን አላየሁም» ትላለች።

ግን ያ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ ነበር የመጣው። የመስመሩ ኃላፊ በሊቶሪና፣ በፈጣኗ ትንሽ ባቡር፣ እየበረሩ ደረሱ። «ይህን ማን ፈቀደ?» ብለው ጮኹ።

ጋሼ ሰይድ፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አሉ።

«አልተጠየቅክም!»

ከዚያ በኋላ ትእዛዝ ወጣ። ባንዲራ በቀኝ እጅ ብቻ። ከጣቢያ ምልክት ውጭ ፊሽካ የነፋ ሾፌር ይባረራል። ተስፋዬን ለጊዜው ከሥራ አገዱት። አያቴን ደግሞ ወደ ቃሊቲ መሻገሪያ አዛወሯት።

ቃሊቲ የፋብሪካ መኪና ነው፤ ጥሩምባ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች አጣናውን ስታወርድ፣ «ክፈቺ ባክሽ! አንቺ ሴትዮ፣ ባቡርሽ ሳይወለድ ነው እንዴ የዘጋሽው?» ይሏታል። ቀኑን ሙሉ ሰው ያልፋታል፣ ግን ስሟን የሚያውቅ የለም። ባቡር አልፎ ዞር ስትል «አለፈ?» የሚላት የለም። ለራሷ፣ «አለፈ፣ ደህና ነው» ትል ነበር። ይህን የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው፤ መልሼ ስጠይቃት፣ «ማን? እኔ?» አለችኝ።

ወደ ፉርጎ ሰፈር የተመለሰችው የተዛወረችበትን ምክንያት ሁሉም ሲረሳው ነው። ከተመለሰች ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘሃራ ሞቱ።

እህቶቻቸው ድሬዳዋ ነበሩ። የፉርጎው ስልክ ለባቡር ጉዳይ ብቻ ነው። ጋሼ ሰይድ ምንም አልጠየቁም። አያቴ ግን ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ሲመጣ መሻገሪያው ላይ ቆመችና ባንዲራውን በግራ እጇ ዘረጋች። አህያ አልነበረም። ቀኝ እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋው ነበር፣ ተሳስታ ነው እንዳይባል። ሾፌሩ ተስፋዬ ነበር። ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈ። ከዚያ ፊቱን ወደፊት መለሰና አለፈ። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ጠበቀች። ማጠፊያው ጋ ሲደርስ ፊሽካ ትሰማ እንደሆነ ጠበቀች። ምንም።

እትዬ ዘሃራን የቀበሯቸው የሰፈሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። ከቀብር ሲመለሱ ጋሼ ሰይድ አያቴ አጠገብ ቆም አሉና፣ «አብሽሪ ብርቄ፣ ባንዲራሽን አይቸዋለሁ» አሏት። አያቴ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ግን የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታው ነበር። «የሚመጡላት ነበሩ እኮ» አለች። «ባንዲራዬ በዚያ አህያ ባይባክን ኖሮ የሚመጡላት ነበሩ።»

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። አንድ ቀን ባቡሩ አልመጣም። አዲስ ሐዲድ በሌላ በኩል ሊሠራ ነው፣ የድሮው ቆሟል የሚል ወሬ ነበር፤ ለአያቴ ግን ማንም መጥቶ አልነገራትም። ባንዲራዋን ይዛ ትወጣለች፣ መዳፏን ሐዲዱ ላይ ታሳርፋለች፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ትገባለች። በመጨረሻ የጡረታ ወረቀት መጣ። ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ሳሪስ፣ ወደ አቃቂ በሰቃ፣ ወደየልጆቻቸው ሄዱ። ሲሄዱ በርና ቆርቆሯቸውን ነቅለው ሄዱ። አንድ ጠዋት ደግሞ መኪና መጥቶ ፉርጎውን ጭኖት ሄደ። ዛሬ የነበረበት ቦታ ላይ ሣሩ እንኳን በደንብ አይበቅልም። የሰፈሩ ስም ብቻ ቀረ፤ እሱንም የምንጠራው እኛ ነን።

እዚያ የቀሩት ጋሼ ሰይድ ብቻ ናቸው። ልጃቸው የጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ሚስቱ ፋጡማ ትጦራቸዋለች። እኔና አያቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሄዳለን። ዓይናቸው ደክሟል፣ ከአልጋም እምብዛም አይነሱም። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ሳል ይዟቸው ነበር። ሲተዋቸው፣ ቀልድ እንደሚያወራ ሰው፣ «እኔ ደግሞ ስሞት ማን ሊሰማ ነው? ቃሬዛውን የሚሸከም አራት ሰው ካገኘች ፋጡማም አልሐምዱሊላህ ትበል» አሉ።

አያቴ ትራሳቸውን አስተካከለችላቸው። ስንመለስ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቆም ብላ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ «ከሞቱ በኋላ ሰው ቢመጣ ለእሳቸው ምን ያደርግላቸዋል?» አለችኝ።

«እማማ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ያ የባቡር ልጆች የሚጻጻፉበት ነገር አለሽ አይደል፣ ስልክሽ ላይ?»

በቴሌግራም የባቡር ሠራተኞችና የልጆቻቸው ግሩፕ አለ፤ የፋጡማ ባል ነው ያስገባኝ። በማግስቱ አያቴ ባንዲራዋን ከሳጥን አወጣች፤ አረንጓዴው ወደ ግራጫ ሄዷል። መሻገሪያው ጋ ሄድን። ሐዲዱ በሣር ተሸፍኗል፤ በእግሯ ፈልጋ አገኘችውና የድሮ ቦታዋ ላይ ቆመች። ክንዷን ዘረጋች። ግራውን። የታመመው ትከሻዋ በዚያው በኩል ነው።

«እማማ፣ ግን ውሸት አይሆንም?»

«አንሺኝ። ምንም አትጻፊ። ምንም ካልጻፍሽ ምን ውሸት አለ?»

እኔ! መጻፍ የምወደው ልጅ! አንድ ቃል ሳልጽፍ ላክሁት።

መልሱ እየጎረፈ መጣ። ልብ፣ ጭብጨባ፣ አበባ። «ዋው እንዴት ደስ ይላል!» «እናቶቻችን ጀግኖች ናቸው!» «ፎቶው የት ነው?» አያቴ እያንዳንዱን አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። «ስለ እጄ ምንም ያለ የለም?» አለች። የለም። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጮኸም አልጮኸም አንብቢልኝ አላለችም።

በሚቀጥለው እሑድ ግን ጠዋት ንፍሮ ቀቀለች። ስንዴና ባቄላ፣ በትልቁ ድስት። አባቴ፣ «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» ሲላት አልመለሰችለትም። ድስቱን በጨርቅ ጠቅልለን፣ ባንዲራውንም ይዘን ወረድን። ጋሼ ሰይድ ደጃፍ ላይ አግዳሚ አውጥተን ተቀመጥን። ፋጡማ ተጨማሪ ሳህን ከጎረቤት እንዳትበደር ጎረቤት የለም፤ ያላትን ሁሉ አጥባ ደረደረች። ጠበቅን። ፍየሎች አለፉ። ከሩቅ የፈጣን መንገዱ መኪና ይሰማል። ጋሼ ሰይድ ከውስጥ፣ «ሰው አለ እንዴ ደጅ?» አሉ። «እኛ ነን፣ ጋሼ» አለች አያቴ። ፀሐይዋ ዞረች። ንፍሮው ቀዘቀዘ። አያቴ ቀስ ብላ ሳህኖቹን አንዱን በአንዱ ላይ መደራረብ ጀመረች።

ያኔ ከባሕር ዛፉ በኩል ባጃጅ ብቅ አለ።

ረጅም፣ የጎበጡ ሽማግሌ ወረዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። በኮፍያቸው አያቴ አወቀቻቸው፤ ከአግዳሚው ተነሳች።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ፣ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡ።

«ማንም» አለች አያቴ።

«እንደዚያን ጊዜው?»

«እንደዚያን ጊዜው። አህያ ግን የለም።»

ሊስቁ ነበር፤ ግን ከንፈራቸው እምቢ አለ። ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ «ብርቄ… ለዘሃራ የያዝሽውን አይቼዋለሁ። አለቃው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ልጆቼ ትናንሽ ነበሩ» አሉ።

አያቴ በሩን በእጇ አሳየቻቸው። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ ተስፋዬ? እሳቸው ውስጥ ናቸው» አለች።

ጋሼ ተስፋዬ ወደ በሩ ተጠጉ። አልገቡም። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አገጣጠሙና ነፉ። እኔ ባቡር ሲነፋ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ግን ሰማሁ። ረጅም፣ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ረጅም። ፍየሎቹ በረገጉ። ፋጡማ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች።

ከውስጥ አልጋው ሲጥ ሲል ተሰማ። ከዚያ ጋሼ ሰይድ፣ «ይሄ ለማን ነው?» አሉ።

«ለዘሃራ ነው፣ ጋሼ ሰይድ።»

አያቴ ክንዴን ይዛ ጨመቀችኝ።

«ዘገያችሁ» አሉ ጋሼ ሰይድ። ድምፃቸው ተሰበረና ተጠገነ። «ለነገሩ እናንተ መቼ በሰዓቱ መጥታችሁ ታውቃላችሁ? ግባ። ንፍሮ አለ መሰለኝ።»

ብዙ አላወሩም። ቀዝቃዛውን ንፍሮ በሉ፣ ያን የአህያ ቀን አንስተው ጋሼ ሰይድ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ሌላ ማንም አልመጣም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋሼ ተስፋዬ መሄድ ነበረባቸው፤ ባጃጁ ጠብቆ ሰልችቶታል።

ባጃጁ ሲነሳ አያቴ ባንዲራውን አነሳችና መሻገሪያው ላይ ወጥታ ቆመች። በቀኝ እጇ። ክንዷ አልታጠፈም። ባጃጁ ሐዲዱን ተሻገረ፣ ጥሩምባውን ጢጥ አደረገ፣ ባሕር ዛፉ ጋ ደረሰ፣ ጠፋ። አቧራው ብቻ ቀረ።

«እማማ፣ ሄዱ እኮ» አልኳት።

የመጨረሻው ፉርጎ ገና እንዳላለፈ ሁሉ ክንዷን አላወረደችም። ከኋላችን ከቤቱ ውስጥ የጋሼ ሰይድ ድምፅ መጣ።

«ብርቄ! አለፈ?»

አያቴ አቧራውን እያየች፣ «ገና ነው» አለች።